ዕድርና የቤተሰብ ኑሮ በባሕር ዳር ከተማ

የአንድ ከተማ ታሪክ ሲጻፍ ስለ መንገዱ፣ ስለ ፋብሪካውና ስለ ሹማምንቱ ብዙ ይነገራል። ሬሳውን ማን እንዳነሣ፣ ሐዘንተኛውን ማን እንዳጽናና ግን እምብዛም አይጻፍም። ይሁን እንጂ ቤተሰብ በከተማ ውስጥ እንዴት ሊጸና እንደ ቻለ ለመረዳት መነሻው ይኸው ጥያቄ ነው።

በጣና ዳርቻ ባሉት የገጠር አጥቢያዎች ይህን ኃላፊነት የሚሸከሙት ዘመድና ጎረቤት፣ በክርስቲያኑም ዘንድ ማኅበርና ሰንበቴ ናቸው። የማኅበር አባላት በየወሩ በአንድ ማዕድ ስለሚቀርቡ እንደ ወንድማማች ይተያያሉ። ነገር ግን ማዕድ የሚያስተሳስረውን ያህል ይለያል። በደንገል ታንኳ ሥራ የታወቁት ወይጦዎች እስልምናን የተቀበሉ ቢሆኑም፣ የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ በመባል ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ማዕድ ተገልለው ኖረዋል።

በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የነበረችው ትንሽ መንደር መልኳን መለወጥ የጀመረችው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የኢጣሊያ ወረራ ዘመን ነው። በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ሲቋቋሙ ከልዩ ልዩ ቦታ ሠራተኛና ተማሪ ወደ ከተማይቱ መጣ። ከዘመዱ ርቆ የሚኖር ሰው ቢሞት ማን ይቀብረዋል?

ለዚህ መልስ የሰጠው ዕድር ነው። ዕድር በ20ኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በአዲስ አበባ ከጉራጌ አገር በመጡ ሠራተኞች ዘንድ እንደ ተጀመረ ብዙ ተመራማሪዎች ያስረዳሉ፤ ከወረራው በኋላም በየከተማው ተስፋፍቷል። አባልነቱ የሚጸናው በየወሩ በሚከፈል መዋጮ ነው። ጡሩምባ ሲነፋ አባላት ይሰበሰባሉ፤ ድንኳን ይተከላል፤ ሴቶች እንጀራና ንፍሮ ያቀርባሉ፤ የቀረ ይቀጣል። በዚህ ሁኔታ ጎረቤት የዘመድን ቦታ ተካ።

ተመሳሳይ ታሪክ በሌላም አገር ይገኛል። በአሜሪካ ደቡብ፣ በቻርልስተን ከተማ፣ ነጻ የነበሩ ክልሶች እ.ኤ.አ. በ1790 የመረዳጃ ማኅበር መሥርተው የመቃብር ቦታና ለባልቴቶች እርዳታ አዘጋጁ። ነገር ግን መልካቸው የጠቆረውን ባለመቀበላቸው እነዚያ እ.ኤ.አ. በ1843 የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። የተገፋ ሕዝብ እንኳ ሌላውን ሊገፋ እንደሚችል ይህ ያስረዳል።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የከተማ ነዋሪዎችን ማኅበራት ካቋቋመ በኋላ ብዙው የአካባቢ ጉዳይ ወደ ቀበሌ ዞረ፤ ቀብርና ማስተዛዘን ግን በዕድር እጅ ቀሩ።

እንግዲህ የታሪክ መምህር በእጁ ያለውን ምንጭ ሊንቅ አይገባም። በየሰፈሩ ጸሐፊዎች እጅ የሚገኙት የዕድር መዝገቦች ከነመተዳደሪያ ደንባቸው ተማሪ ሊያነባቸው የሚችል የከተማ ታሪክ ናቸው። ተማሪው በፈቃድ ያንብባቸው፤ ማን ከማን ጋር እንደ ተመዘገበ ያስተውል። ከሁሉ ይልቅ በዚያው ሰፈር እየኖረ ስሙ ከመዝገቡ ውጭ የቀረው ማን እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ የዘመድነት ወሰን የሚታወቀው በዚያ ነውና።