መነሻው ያልተስተካከለ ጨዋታ

በገበጣ ሁለቱ ተጫዋቾች እኩል ጠጠር ይዘው ስለሚጀምሩ ተሸናፊው ከራሱ ስሌት በቀር የሚያማርርበት ነገር የለውም። ወጣቶችን ስለ ዓለም አቀፍ ፍትሕ ለማስተማር በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፉት ሲሙሌሽን የሚባሉ ጨዋታዎች፣ ማለትም የኅብረተሰብን አሠራር አሳንሰው በመማሪያ ክፍል የሚያሳዩት፣ የሚሠሩት በተቃራኒው ነው፤ ተጫዋቹ ከራሱ ብልሃት ይልቅ የጨዋታውን ሕግ እንዲመረምር ያስገድዱታል።

ከቀዳሚዎቹ አንዱ አሜሪካዊቷ ሊዚ ማጊ እ.ኤ.አ. በ1904 የፈጠራ መብት ያገኘችበት «የባለመሬቱ ጨዋታ» ነው። ማጊ የሄንሪ ጆርጅ ተከታይ ነበረች፤ ጆርጅ የመሬት ዋጋ የሚያድገው በባለቤቱ ድካም ሳይሆን በማኅበረሰቡ ዕድገት ስለሆነ መንግሥት ግብሩን በዚሁ ዋጋ ላይ ብቻ ሊጥል ይገባል ብሎ ያስተምር ነበር። በማጊ ሰሌዳ ላይ ሁሉም እኩል ገንዘብ ይዘው ቢነሡም መሬት የያዘው ኪራይ እየሰበሰበ ሌሎቹን ያደኸያል፤ ከጊዜ በኋላ የታከለው ሁለተኛ ደንብ ግን የመሬት ኪራዩን ወደ ጋራ ካዝና ያስገባ ስለነበር ተጫዋቹ ሁለቱን ሥርዓቶች ማነጻጸር ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 የጨዋታ አምራቹ ኩባንያ ፓርከር ብራዘርስ መብቱን በ500 ዶላር ገዛ፤ በዓለም የተሰራጨው «ሞኖፖሊ» ግን የመጀመሪያውን መንገድ ብቻ ስለያዘ፣ ማስጠንቀቂያ የነበረው ሰዎች ሌላውን በማክሰር የሚደሰቱበት መዝናኛ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1969 ጋሪ ሸርትስ ያዘጋጀው «ስታርፓወር» የበለጠ ደፋር ነው። ተማሪዎች ዋጋቸው በቀለም የሚለያይ ጠጠሮች ይለዋወጣሉ፣ በነጥባቸውም በሦስት መደብ ይከፈላሉ፤ ለላይኛው መደብ ግን ከመጀመሪያው የተሻለ ጠጠር በስውር ታድሎታል። ጥቂት ዙሮች እንዳለፉ ይኸው መደብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ይሰጠዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚያወጣው የራሱን ጥቅም የሚያጸና ሕግ ሲሆን፣ የታችኞቹ ይቆጣሉ፣ ያጭበረብራሉ ወይም ጨዋታውን ይተዋሉ። ትምህርቱ በዋናነት የሚገኘው ከዚህ በኋላ በሚደረገው ውይይት ነው፤ ያለ እሱ ጨዋታው ቂም ብቻ ያተርፋል።

የብሪታንያው የበጎ አድራጎት ድርጅት ክርስቲያን ኤይድ ያሰራጨው «የንግድ ጨዋታ» ይህንኑ ሐሳብ ወደ አገሮች ግንኙነት ያሸጋግረዋል። እንደ አገር የሚቆጠሩት ቡድኖች ከወረቀት ቅርጾችን እየቆረጡ ለባንክ ይሸጣሉ፤ ነገር ግን መቀሱ፣ ማስመሪያውና ኮምፓሱ በጥቂቶች እጅ ሲሆን ሌሎቹ ከወረቀት በቀር ብዙም የላቸውም፣ ስለዚህም መቀስ ለመዋስ ወረቀታቸውን በርካሽ ይሰጣሉ። አብዛኛውን ቡናዋን ሳይቆላ ወደ ውጭ ስትልክ ለኖረችው ኢትዮጵያ ይህ ትዕይንት እንግዳ አይደለም። ሆኖም ቁሳቁሱን የያዘውን ፖስታ ለየቡድኑ የሚያድለው መምህሩ ስለሆነ፣ መቀሱ መጀመሪያ እንዴት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሊከማች እንደቻለ፣ ማለትም የቅኝ ግዛቱ ታሪክ፣ ከጨዋታው ውጭ ይቀራል።