የካፒታል አወቃቀር እና የኩባንያ የገበያ ዋጋ

የካፒታል አወቃቀር ማለት ኩባንያው ከሚሠራበት ገንዘብ ምን ያህሉ የባለቤቶች፣ ምን ያህሉ የአበዳሪ እንደሆነ የሚያሳይ ድርሻ ነው። የምጣኔ ሀብት ምሁራኑ ፍራንኮ ሞዲግሊያኒ እና መርተን ሚለር እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጡት ጽሑፍ፣ ግብርና የኪሳራ ወጪ በሌለበት ገበያ ይህ ድርሻ የኩባንያውን ዋጋ እንደማይለውጥ አሳዩ፤ ዋጋውን የሚወስነው ንብረቱ የሚያስገኘው ገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ግብርን ሲያስገቡ ግን ውጤቱ ተቀየረ፤ ወለድ ከግብር በፊት ስለሚቀነስ ብድር ዋጋ ይጨምራል።

በኢትዮጵያ የኩባንያ ትርፍ ግብር 30 በመቶ ነው። በምዕራብ ጎጃም፣ ቡሬ ላይ በቆሎ የሚፈጭ፣ 100 ሚሊዮን ብር የፈሰሰበት ኩባንያ እናስብ። ከወለድና ከግብር በፊት 20 ሚሊዮን ቢያተርፍና ብድር ባይኖርበት፣ 6 ሚሊዮን ግብር ከፍሎ 14 ሚሊዮን ይቀረዋል። ግማሹን ካፒታል በ16 በመቶ ወለድ ቢበደር 8 ሚሊዮን ለባንክ፣ 3.6 ሚሊዮን ለግብር ይከፍልና ለባለቤቶቹ 8.4 ሚሊዮን ይተርፋል። ባንኩና ባለቤቶቹ በድምሩ 16.4 ሚሊዮን አገኙ ማለት ነው፤ የ2.4 ሚሊዮኑ ብልጫ የመጣው ከቀነሰው ግብር ነው። ባለቤቶቹም በ100 ብር 14 ያገኙ የነበሩት አሁን 16.80 ያገኛሉ።

እንዲህ ከሆነ ለምን ሁሉም እስከ አፍንጫው አይበደርም? በቆሎው የሚገዛው አዝመራው ገበያ በሚወጣበት ጥቂት ወር ነው፤ ዱቄቱ ግን ዓመቱን ሙሉ ይሸጣል። መንገድ ተዘግቶ ወይም ዋጋ ወርዶ ትርፉ 7 ሚሊዮን ላይ ቢቆም የወለዱን 8 ሚሊዮን አይሸፍንም። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ደግሞ ባንክ ዕዳው ካልተከፈለው፣ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ መያዣውን ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅዳል። ከግብር የተረፈው ሁሉ በአንድ ሐራጅ ሊያልቅ ይችላል።

«የገበያ ዋጋ» የሚለው ራሱ በምዕራብ ጎጃም የሚያስቸግር ነገር ነው። የቡሬው የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ ባለቤት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው፤ በየቀኑ የሚገዛና የሚሸጥ አክሲዮን የለውም። በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየንም አክሲዮን በተመደበለት ዋጋ ይያዛል እንጂ ገበያ አይወጣም። ስለዚህ የድርጅቱን ዋጋ በቁጥር የሚያስቀምጠው አብዛኛውን ጊዜ መያዣ የሚገምተው የባንክ ባለሙያ ነው። እዚህ ላይ ንድፈ ሐሳቡ ይገለበጣል፦ አወቃቀሩ ዋጋውን ሳይሆን፣ ግምቱ አወቃቀሩን ይወስናል። በቡሬ የተቀናጀ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ ሼድ የተከራየ አምራች፣ ሕንፃው የራሱ ስላልሆነ፣ ጥሩ ትርፍ እያለውም የሚያስይዘው ያጥረዋል። የተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ማሽንና የተከማቸ እህልም ለዋስትና እንዲያገለግሉ መንገድ ከፍቷል።

አክሲዮን በይፋ የሚገበያይበት መድረክ ግን ተከፍቷል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። በባንክ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የሚሠራበት ገንዘብ አብዛኛው የአስቀማጮች ስለሆነ፣ የራሱ ካፒታል ዝቅተኛ መጠን በባለቤቶቹ ፈቃድ ሳይሆን በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ይወሰናል።