የገበሬው ዕውቀትና የተማረው ሰው ዕዳ

ሰው የተበደረውን ገንዘብ አይረሳም፤ ቢረሳም እንኳ አበዳሪው ያስታውሰዋል። የተበደረውን ዕውቀት ግን ቶሎ ይረሳል፤ ይባስ ብሎም የራሱ ጥበብ አድርጎ ይቈጥረዋል። እኛ ተማርን የምንል ሰዎች ለገበሬው ያለብን ዕዳ እንዲህ ያለ ነው። ስለዚህ አንባቢዬ ሆይ፣ የዘርን ታሪክ በአጭሩ ላጫውትህ እወዳለሁ፤ ከታሪኩም አስቀድሜ የራሴን ጥፋት እናገራለሁ።

ፊደል የቈጠርሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያም አትክልት መኰትኰት ከመጽሐፉ እኩል እንማር ስለ ነበረ፣ እርሻ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። በ1974 ዓ.ም. በወሎ ቈላ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሳስተምር፣ የተማሪዬ አባት የሆኑ አንድ ሽማግሌ በአንድ ማሳ ላይ ብዙ ዓይነት ማሽላ ቀላቅለው ሲዘሩ አየሁ። ነገሩ የድንቍርና ሥራ መስሎኝ፣ ከምርምር የወጣውን፣ ቁመቱ ያጠረውንና ቶሎ የሚደርሰውን ማሽላ ብቻ እንዲዘሩ መከርኋቸው። እሳቸውም ሰው አክባሪ ነበሩና መምህሩን ላለማሳፈር የማሳቸውን እኩሌታ ሰጡልኝ።

ማሽላው እንዳልሁት ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ። ነገር ግን በአካባቢው ሌላ የደረሰ እህል ስላልነበረ፣ የአገሩ ወፍ ሁሉ በእርሱ ላይ ሰፈረበት። አገዳውም አጭር ስለ ሆነ፣ በሬዎቹን በጋ የሚያሻግር መኖ አልተረፈም። አፍሬ ይቅርታ ልጠይቃቸው ብሄድ፣ «ልጄ፣ አንተ የቈጠርኸው ፍሬውን ብቻ ነው፤ እኔ በሬውንም፣ የቤቱን ክዳንም፣ ወፉንም አብሬ እቈጥራለሁ። ለመሆኑ መጽሐፍህ የኛን ዘር ያውቀዋልን?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

መልሱን ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ በንባብ ነው። መጽሐፉ ዘራቸውን ያውቀዋል፤ ያወቀውም ከገበሬው ወስዶ ነው። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው የሩስያ ሊቅ በ1919 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ፈቃድ አግኝቶ፣ በየአገሩ እየዞረ የስንዴ፣ የገብስና የሌላውንም አዝርዕት ዘር ሰበሰበ። ከዚያም በኋላ አገራችንን ከዓለም ዋና ዋና የአዝርዕት መገኛዎች እንደ አንዷ አድርጎ ቈጠራት። ይህ ሁሉ የዘር ዓይነት ግን እንዲያው ከምድር የበቀለ አይደለም። ገበሬው በየመከሩ በማሳው እየዞረ ደኅናውን ዛላ ሲመርጥ፣ ባለቤቱም ለእንጀራ የሚሆነውን ለጠላ ከሚሆነው ስትለይ፣ በብዙ ትውልድ ድካም የተገኘ ሀብት ነው።

ይህ ሀብት ለባዕድ አገርም ተርፏል። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የገብሱን ማሳ የሚያቀጭጭና የሚያቢጭ የቫይረስ በሽታ ባስቸገረ ጊዜ፣ በሽታውን የሚቋቋመው ጠባይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነበር። ያን ገብስ ያበቀለውን ገበሬ ስም ግን እኔ ተጽፎ አላገኘሁትም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ደግሞ ሊቃውንት ከወሎ በተሰበሰበ ማሽላ ውስጥ፣ ላይሲን የተባለው ገንቢ ምግብ ከሌላው ማሽላ እጅግ በልጦ መገኘቱን ገለጡ። እንዲህ ካሉት ማሽላዎች አንዱን የወሎ ሰው ከሊቃውንቱ አስቀድሞ «ወተት በጉንጬ» ብሎ ሰይሞት ነበር። እኔ በድንቍርና የሳቅሁበት የሽማግሌው ማሳ ውስጥም ይኸው ማሽላ ነበረ።

ከዚህ በኋላ የ1977 ዓ.ም. ረኃብ መጣ። ገበሬ ዘሩን የሚበላው ሌላ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ሽማግሌውም የልጆቻቸውን ነፍስ ለማቆየት ጎተራውን ጠረጉ። ዘር ሲበላ የሚጠፋው የአንድ ዓመት እህል ብቻ አይደለም፤ የአባቶች ምርጫ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ዮሴፍም በግብፅ ለሕዝቡ የሚበላውን እህል ብቻ ሳይሆን የሚዘራውንም ዘር እንደ ሰጠ ቅዱስ መጽሐፍ ይነግረናል።

ይህን አደጋ አስቀድመው ያዩ ሰዎች ነበሩ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1976 በአዲስ አበባ የዕፅዋት ዘር ማእከል ተቋቁሞ ነበርና፣ በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት ሠራተኞቹ በድርቁ ዘመን በየገጠሩ እየዞሩ ሊጠፋ የቀረበውን ዘር ሰበሰቡ። ዶክተር መላኩ ግን ዘርን በብርድ ክፍል ዘግቶ ማኖር ብቻ እንደማይበቃ ያምኑ ነበር። በዚያ የተቀመጠ ዘር እንደ ተኛ ሰው ነው፤ አዲስ በሽታ፣ አዲስ ድርቅ ሲመጣ አይለማመደውም። በገበሬው ማሳ ያለው ግን ከዘመኑ ጋር አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ ዘሩን በሸዋና በወሎ ለገበሬዎች መልሰው፣ ከእነርሱው ጋር እየመረጡ እንዲያሻሽሉት አደረጉ። በዚህም ሥራቸው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ከዚህም ሐሳብ በምሥራቅ ሸዋ በእጄሬ የገበሬዎች የዘር ባንክ ተቋቋመ። በእንዲህ ያለው ባንክ ገበሬው የአገሩን ዘር ይበደራል፤ በመከር ጊዜም ከጥቂት ወለድ ጋር በዘር ይመልሳል።

እኔ ግን ይህን ባንክ ስሙን ሳልሰማ አስቀድሜ በዓይኔ አይቼዋለሁ። በ1978 ዓ.ም. ሽማግሌው የሁለት ቀን መንገድ በእግራቸው ሄደው፣ ከአማቶቻቸው ዘንድ አንድ ቁና «ወተት በጉንጬ» በስልቻ ተሸክመው ተመለሱ። ለራሳቸው ብቻ ቢዘሩት ማንም ባልወቀሳቸው ነበር። እሳቸው ግን ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው በእፍኝ በእፍኝ አካፈሉት። ለእያንዳንዱም እፍኝ ሲሰጡ፣ በየትኛው አፈር፣ በየትኛው ዝናብ መዘራት እንዳለበት አብረው ይነግሩ ነበር። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ደብተሬን ይዤ ከአጠገባቸው ተቀመጥሁ፤ እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍሁ። ጥፋቴን ያረምሁት እንዲህ ነው፤ ነገር ግን ዕዳዬ ገና አላለቀም።

ይህን ስል ምርምርን ማጣጣሌ አይደለም። አዲሱ ዘር በሚስማማው አገር ብዙ አፍ ይመግባል፤ የሳይንስም ሰው ባይኖር የጠፋው ዘር ባልተመለሰ ነበር። የምጠላው ሳይጠይቅ የሚያስተምረውን አፍ ነው፤ እርሱም የእኔ አፍ ነበር። የተማረ ሰው ወደ ገበሬው ቤት ሲሄድ አስቀድሞ፣ «አባቴ፣ ይህን ለምን እንዲህ ያደርጉታል?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱን ከሰማ በኋላ የራሱን ይናገር።

አንተም መምህር የሆንህ አንባቢዬ፣ ተማሪዎችህ የአባትና የእናታቸውን የዘር ስም፣ የሚዘራበትን ወርና የሚስማማውን አፈር ጠይቀው እንዲጽፉ እዘዛቸው። ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ቶሎ አድርገው። ገበሬው ዘሩን ከነምክሩ በእፍኝ ሳይሰስት አካፍሎናል፤ እኛም የምናውቀውን ከነትሕትናው እንመልስለት።