አልጎሪዝም ሳይኖር፦ የዋሽንግተን ወጣቶች ሙዚቃቸውን እንዴት አገኙት?

እ.ኤ.አ. በ1980 ቲን አይድልስ የተባለ የዋሽንግተን ዲሲ የወጣቶች ባንድ ፈረሰ። አባላቱ ከየመድረኩ ያገኙትን ገንዘብ ሳይከፋፈሉ አጠራቅመው ነበርና ሲለያዩ ምርጫው ሁለት ሆነ፦ መካፈል ወይም ሸክላ ማሳተም። ሸክላውን መረጡ። ኢያን ማካይ እና ጄፍ ኔልሰን የሚመሩት ዲስኮርድ ሪከርድስ የተወለደው በዚህ ነው። የመጀመሪያው ሸክላ 1,000 ቅጂ ታተመ፤ ልባሱን በመቀስ ቆርጠው፣ አጥፈውና በሙጫ አጣብቀው ያዘጋጁት ራሳቸው ነበሩ።

ሙዚቃው ሃርድኮር ፓንክ ይባላል። ፈጣን ነው፣ ጯሂ ነው፣ ብዙው ዘፈን ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ትልልቆቹ አሳታሚዎችና ሬዲዮ ጣቢያዎች ፊት ነስተውታል። ታዲያ አድማጩ አዲስ ባንድ ከየት ያገኝ ነበር?

መንገዱን የሠሩት አድማጮቹ ናቸው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፍሊፕሳይድ የተባለ መጽሔት ከ1977 ጀምሮ ይወጣ ነበር። በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ በሬዲዮ ዝግጅትነት የተጀመረው ማክሲመም ሮክንሮል ደግሞ በ1982 መጽሔት ሆነ። በየከተማው ያሉ አንባቢዎች የአካባቢያቸውን ባንዶች የሚያስተዋውቅ ዘገባ ይልኩለታል፣ ሌላው አንብቦ በፖስታ ሸክላ ያዛል። ካሴት ከእጅ ወደ እጅ ይገለበጣል። በሸክላ ልባስ ላይ የሚሰፈረው የምስጋና ዝርዝር ራሱ ቀጥሎ የሚፈለገውን ባንድ ይጠቁማል። ዲስኮርድም በ1982 የከተማውን ባንዶች ባንድ ሸክላ ሰብስቦ አወጣ፤ አንዱን ፈልጎ የገዛ ሌሎቹንም አወቀ።

በዚያው ዓመት ባድ ብሬንስ የመጀመሪያ አልበሙን በካሴት ብቻ አወጣ። አባላቱ በጃዝ ፊውዥን የጀመሩ ጥቁር ወጣቶች ሲሆኑ፣ በኋላ ራስተፈሪያን ሆነው ከፓንኩ ጎን ሬጌ ተጫወቱ። ስሙን ከራስ ተፈሪ መኮንን የወሰደው እምነት በጃማይካ በኩል ዞሮ ዲሲ ሃርድኮር ውስጥ ገባ ማለት ነው። ባንዱ በመጀመሪያ ዓመታቱ ከተጫወተባቸው ስፍራዎች አንዱ አዳምስ ሞርጋን ውስጥ ነበር፤ በኋላ በሐበሻ ምግብ ቤቶቹ የታወቀው ያው ሰፈር።

ይህ መንገድ እንከን አልነበረውም። አዝጋሚ ነበር። ጠባቂም ነበረው፦ ማክሲመም ሮክንሮል ቆይቶ ከትልልቅ ኩባንያዎች ጋር ለተፈራረሙ ባንዶች በሩን ዘግቷል። ግን በሩን የዘጋው ሰው ስም ነበረው፣ ምክንያቱንም ይጽፍ ነበር። የተቆጣ አንባቢ ደብዳቤ ጽፎ ይሞግተዋል።

ዛሬ ያ ክርክር የለም። ስልኩ "ይህን ስማ" ይላል፣ ለምን እንዳለ ግን አይናገርም። ቀድሞ የወደድነውን የሚመስለውን ደጋግሞ ሲያቀርብልን ምርጫው የራሳችን ይመስለናል። ሙዚቃ ላይ ጉዳቱ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ዜናና ፖለቲካም በዚያው መንገድ ሲመጡ ግን ቀላል አይደለም።

አሮጌው መንገድ ግን ዛሬም ይሠራል። የወደዱትን ባንድ ያሳተመው ማን ነው? ሌላስ ማንን አሳትሟል? ከማን ጋር መድረክ ተጋራ? ማንን አመሰገነ? በእነዚህ አራት ጥያቄዎች የሚሄድ አድማጭ ማሽን የማያቀርብለትን ባንድ ያገኛል፤ ማን እንደመራውም ያውቃል።