በአክስቴ ቆዳ ላይ የተሰመረው መስመር

አክስቴ የኮንጋ ሰው ናት። አዎ፣ ቡናው ባሕር ተሻግሮ ስሙ የሚጠራው፣ ከይርጋጨፌ ጥቂት አለፍ ብሎ ያለው ኮንጋ። ለጨረር ሕክምና አዲስ አበባ መጥታ እኛ ቤት በሰነበተች ጊዜ ከእምብርቷ ዝቅ ብሎና ዳሌዋ ግራና ቀኝ ላይ በቀለም የተሰመሩ መስቀሎች ነበሯት። ባለሙያው «እናት፣ ሲታጠቡ እንዳያስለቅቋቸው» ብሏታል። እሷ እንኳን ልታስለቅቅ ፎጣ ሳቀብላት ራሱ ትቆጣኝ ነበር። «ይሄ ከጠፋ ጨረሩ መንገድ ይስታል!»

ያኔ ስቄባታለሁ። ለካስ ልክ የነበረችው እሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨረሩ ዕጢውን መምታት፣ አጠገቡ ያለውን የሽንት ፊኛና አንጀት ደግሞ መማር አለበት። በሽተኛዋ ለሳምንታት እየተመላለሰች አልጋው ላይ ትተኛለች፤ በተኛች ቁጥር የትናንቱ ቦታ ላይ መገኘት አለባት። ቀለሙ ያለው ግን ቆዳ ላይ ነው፣ ዕጢው ውስጥ። ፊኛ ሲሞላና ሲጎድል እንኳ የውስጡ ነገር ከቦታው ይንሸራተታል። ታዲያ ውስጡን በምን ያዩታል?

ይህን ጥያቄ በቁም ነገር ከያዙት አንዱ የእኛው አፍሪካ ልጅ ነው። አለን ኮርማክ ጆሃንስበርግ ተወልዶ በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 ግሩት ሹር ሆስፒታል በሳምንት አንድ ቀን ተኩል እንዲሠራ ተጠየቀ። እዚያ የጨረር ሕክምና ሲታቀድ አየ፤ የሰው ገላ ሁሉ አንድ ወጥ እንደሆነ ተቆጥሮ ይሰላል። አጥንትም ሳንባም እኩል! ይሄ አልዋጥልህ አለው።

እስቲ ጀበና በሻማ ፊት ያዙ። በአንድ ጎን ጥላው ግድግዳው ላይ ጆሮ አለው፤ ሲዞር ጆሮው ይጠፋል። አንድ ጥላ ይዋሻል፤ ራጅም ያው ጥላ ነው። ከብዙ አቅጣጫ የተሰበሰቡ ጥላዎች ግን በሒሳብ ሲገጣጠሙ ውስጡን ያወጡታል። ኮርማክ በ1957 አሉሚኒየምን በእንጨት ከብቦ ሞከረው። ስሌቱ መሃል ላይ አንድ እንግዳ ነገር አሳየው። ቢያጣራ፣ አሉሚኒየሙ ሲሠራ መሃሉ ላይ ለየት ያለ ሽብልቅ ተሰክቶበት ኖሯል። እሱ ራሱ የማያውቀውን ጥላው ነገረው!

በ1963 እና በ1964 ጽሑፎቹን አሳተመ። ከሐኪም ጎራ ጠያቂ የለም ማለት ይቻላል፤ ቅጂ ከጠየቁት መካከል የስዊዘርላንድ የበረዶ ናዳ ጥናት ማዕከል ይገኝበታል (አይገርምም?)። ሒሳቡን ዮሐን ራዶን የተባለ ኦስትሪያዊ በ1917 ጨርሶት እንደነበርም ኮርማክ የሰማው ከዓመታት በኋላ ነው። በጥቅምት 1 ቀን 1971 ደግሞ የእንግሊዛዊው ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ማሽን ለንደን ውስጥ የመጀመሪያዋን ታካሚ ጭንቅላት አነሳ። ሲቲ ስካን ተወለደ፤ ሁለቱም በ1979 የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ።

ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ ነው እኔን የገረመኝ። ሕክምናው ሳይጀመር ሲቲ ስካን ይነሳል። ኮምፒውተሩ ከዚያ ምስል «ዛሬ ራጅ ብትነሳ ጥላዋ እንዲህ ይመስል ነበር» ብሎ የስሌት ጥላ ይሠራል። ከዚያ የዕለቱን እውነተኛ ራጅ ከጎኑ አድርጎ ያመሳክራል፣ እስኪገጥሙም አልጋው በሚሊሜትር ይገፋል። በየቀኑ ሙሉውን ምስል እንደ አዲስ መሥራት አያስፈልግም፤ ጥላን ከጥላ ማስተካከል ይበቃል። በእርግጥ ጥላው አጥንትን አጥርቶ ያሳያል እንጂ እንደ ፊኛ ያለ ለስላሳ አካልን እምብዛም አይለይም። ለዚህ አዳዲሶቹ ማሽኖች በሽተኛውን እየዞሩ እዚያው አልጋው ላይ ስካን ያደርጋሉ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ሕክምናን በኮባልት ማሽን የጀመረው በ1997 ሲሆን ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው ነበር። ሊኒየር አክስለሬተር የሚባሉት ማሽኖች የገቡት በቅርብ ዓመታት ነው። የአክስቴ ማመሳከሪያ ግን ያ ቀለም ብቻ ነበር።

ሕክምናዋን ጨርሳ ኮንጋ የተመለሰችው ቡና ለቀማ በተጀመረበት ሰሞን ነው። ሄጄ ስጠይቃት መስመሩ ደብዝዟል። አሁን መታጠብ ትችያለሽ አልኳት። «ተይው፣» አለችኝ፣ «ራሱ ይልቀቅ።»