ኖማ

ኖማ የአፍንና የፊትን ሥጋና አጥንት በቀናት ውስጥ የሚያበሰብስ ሕመም ነው። በብዛት የሚይዘው ከ2 እስከ 6 ዓመት ያሉ፣ በምግብ እጥረት የተጎዱ ልጆችን ሲሆን፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ትኩረት የሚሹ ሐሩራማ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

መንስኤ
መንስኤው ሲያከራክር ኖሯል። አንዳንድ ተመራማሪዎች በከብት አንጀት ውስጥ የሚገኘውን ፉዞባክቴሪየም ኔክሮፎረም የተባለ ባክቴሪያ በመጠርጠራቸው፣ ልጆች ከከብት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማደራቸው እንደ አጋላጭ ተቆጠረ። ኋላ የተካሄዱ የዘረመል ምርመራዎች ግን ይህን ባክቴሪያ ብቻውን ተጠያቂ አላደረጉም። ዛሬ ሚዛን የሚደፋው፣ አፍ ውስጥ የሚኖሩ ብዙ ተሕዋስያን ሰውነት ሲዳከም በጋራ ያደርሱታል የሚለው አስተያየት ይመስላል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ኩፍኝን ወይም ወባን ተከትሎ መምጣቱ ይህን ያጠናክራል። በናዚ ማጎሪያ ካምፖች ውስጥ መታየቱም ከሐሩር አየር ይልቅ ወደ ረሃብ ያመለክታል። ክርክሩ በኢትዮጵያ ውስጥ በሙዱላ፣ በዱራሜና በሆሳዕና ከተሞች ዙሪያ ላለ ቤተሰብ ትርጉም አለው፤ በአካባቢው ባህላዊ ቤት ከብት ከሰው ጋር ያድራል። ይሁንና የአካባቢው ምግብ ቆጮ ፕሮቲኑ አነስተኛ ስለሆነ ጡት የጣለ ልጅ ወተት ያስፈልገዋል፤ ወተቱም የሚገኘው ከእነዚሁ ከብቶች ነው። እናትን በበረቷ መውቀስ አይገባም።

ምልክቶች
ድድ ያብጣል፣ ሲነካ ይደማል፣ ትንፋሽ ይከረፋል። ቀጥሎ ጉንጭ ያብጥና ይጠቁራል፤ ከዚያ ይበሳል። ካልታከመ እስከ 90 በመቶ የሚሆኑትን ይገድላል። በጊዜ ከተደረሰበት አንቲባዮቲክ፣ የአፍ ማጠቢያና የተሻለ ምግብ ያስቆሙታል።

ቀዶ ሕክምና
ከሞት የተረፈ ልጅ በሕክምና ካርዱ ላይ ጥቂት ባዕድ ቃላት ያገኛል። «ሴኩዌስትረም» ሞቶ ከጤነኛው የተለየ የአጥንት ስባሪ ነው። «ፍላፕ» ከግንባር፣ ከክንድ ወይም ከጀርባ ከነደም ሥሩ ተወስዶ ቀዳዳውን የሚሸፍን ሥጋና ቆዳ ነው። ከሁሉም ከባዱ «ትሪስመስ»፣ የመንጋጋ መቆለፍ ነው። ጤነኛ ሰው የራሱን ሦስት ጣቶች ደርድሮ በፊት ጥርሶቹ መካከል ማስገባት ይችላል፤ መንጋጋው የተቆለፈ ልጅ አንዲት ጣት እንኳ አይገባለትም። የማደንዘዣው ቱቦም በአፍ ስለማያልፍ በአፍንጫ፣ አንዳንዴም ጉሮሮ ተበስቶ ይገባል። ጠባሳው ካልተፈታ ፊት ቢሸፈንም ልጁ አያኝክም፤ ከተፈታም በኋላ አፍ የመክፈት ልምምድ ለወራት ይቀጥላል።

በኢትዮጵያ
ፌሲንግ አፍሪካ የተባለው የብሪታንያ በጎ አድራጎት ድርጅት የቀዶ ሐኪሞች ቡድን ወደ አዲስ አበባ ሲልክ ቆይቷል።