ፋሲል ከነማ በፕሪሚየር ሊጉ (ከ2009 እስከ 2013 ዓ.ም.)

ፋሲል ከነማ፣ በደጋፊዎቹ አጠራር «አፄዎቹ»፣ የጎንደር ከተማ የእግር ኳስ ክለብ ነው። በ2009 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አድጎ በአምስተኛው የውድድር ዘመን፣ በ2013፣ የመጀመሪያውን የሊጉን ዋንጫ አነሳ። ስለዚህ ዕድገት ሲወራ አስቀድሞ የሚነሳው ሜዳ፣ የከተማ አስተዳደር በጀትና ዕድል ነው። የአምስቱን ዓመታት ታሪክ ለተከታተለ ግን ዋናው ምክንያት ክለቡ የገነባውን ቡድን አለማፍረሱ ነው። ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ የሚሆነው ከወሎ ምድር የመጣው ወልዲያ ነው። በ2009 ከፋሲል ጋር ያደጉት ወልዲያ፣ ጅማ አባ ቡናና አዲስ አበባ ከተማ ነበሩ። ሁለቱ በዓመቱ ወረዱ፤ ወልዲያም በ2010 ተከተላቸው። ወልዲያ እንደ ፋሲል ሁሉ የከተማ ክለብ ነበር። በዚያ ላይ በጥር 2009 የተመረቀውና ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው የሼክ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አልአሙዲ ስታዲየም ነበረው፤ የጎንደሩ ፋሲለደስ ስታዲየም ከዚህ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ሜዳ ብቻውን ቡድን የሚያቆም ቢሆን ኖሮ ከአራቱ ቀድሞ የሚጸናው ወልዲያ በሆነ ነበር። የኩባንያ ገንዘብም ዋስትና አልሆነም፤ ከፋሲል በፊት ጎንደርን በሊጉ ይወክል የነበረው ዳሽን ቢራ በ2008 ወርዶ ፈርሷል።

በ2011 በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ የሚመራው ፋሲል እስከ መጨረሻው የጨዋታ ቀን ሊጉን መርቶ፣ ከስሑል ሽሬ ጋር አቻ በመውጣቱ ዋንጫውን ለመቐለ 70 እንደርታ አስረከበ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ዋንጫን በማንሳቱ ለአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ በቃ። የታንዛኒያውን አዛምን ባሕር ዳር ላይ 1 ለ 0 ቢያሸንፍም ዳሬ ሰላም ላይ 3 ለ 1 ተሸንፎ ወጣ። ዋንጫ በአንድ ቀን ሲያመልጥ አሰልጣኝ መቀየርና ተጫዋች መበተን በአገራችን የተለመደ ነው። እዚህም አሰልጣኙ ተለወጠ፤ ስዩም ከበደ ቦታውን ያዘ። ሆኖም ተከላካዩ ያሬድ ባየ፣ አማካዩ ሱራፌል ዳኛቸው፣ አጥቂው ሙጂብ ቃሲምና ማሊያዊው ግብ ጠባቂ ሚኬል ሳማኬ ከቡድኑ ጋር ቀጠሉ። የ2012 ውድድር በኮሮና ምክንያት ያለ ሻምፒዮን ሲሰረዝም ቡድኑ አልተበተነም። የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ተከታታዮች ኦክላሆማ ሲቲ ተንደርን ያስታውሱ ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ2008/09 ከ82 ጨዋታ 23 ብቻ አሸንፎ፣ ወጣቶቹን በትዕግሥት ጠብቆ በ2012 ለፍጻሜ ደረሰ። እዚያ ግን የተሸነፈ አይወርድም፤ እንዲያውም አዳዲስ ወጣቶችን ቀድሞ የመምረጥ ዕድል ያገኛል። በእኛ ሊግ የተሸነፈ ይወርዳል፤ ወጣት ቡድንን በትዕግሥት መጠበቅ እጅግ የሚከብደውም ለዚህ ነው።

በ2013ቱ ድል ላይ የሚነሳው ብርቱ ተቃውሞ በጦርነቱ ምክንያት የትግራይ ሦስት ክለቦች፣ መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽሬ፣ አለመሳተፋቸው ነው። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ የቀደመው ሻምፒዮን በሌለበት የተነሳ ዋንጫ ሙሉ ፈተና አልነበረም። ነገር ግን ፋሲል ከመቐለ ጋር አንገት ለአንገት የተያያዘው ከጦርነቱ በፊት፣ በ2011 ነው። የሜዳ ጥቅም አግኝቷል እንዳይባልም ጨዋታዎቹ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተዘዋወሩ ሲካሄዱ ጎንደር አንድም አልደረሳትም። በቀጣዩ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የሱዳኑን አል ሂላልን ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 2፣ ኦምዱርማን ላይ 1 ለ 1 አቻ ወጥቶ የተሰናበተው ከሜዳ ውጭ በተቆጠረ ግብ ብልጫ ነበር። በጥር 2014 ውበቱ አባተ ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ ካሜሩን ለአፍሪካ ዋንጫ ሲሄድ ያሬድ ባየና ሱራፌል ዳኛቸው ከተመረጡት መካከል ነበሩ። በደሴም ሆነ በመካነ ሰላም ነገ ክለብ ለማሳደግ የሚያስብ ሰው ከስታዲየሙ ፕላን በፊት የ2009ኙን የፋሲልንና የወልዲያን መንገድ አስተያይቶ ቢያይ ይበጀዋል።